ገበሬው ወንበር ያላገኘበት የንግድ ድርድር

ስለ አፍሪካ ንግድ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሱት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ መንግሥትና ነጋዴ። መንግሥት ይፈርማል፣ ነጋዴ ይሸጣል ይለውጣል። ሦስተኛው ወገን፣ ማለትም ዜጎች በገዛ ፈቃዳቸው ተሰባስበው የሚያቋቁሟቸው ሲቪክ ማኅበራት፣ ብዙም ስማቸው አይነሳም። ሲነሳም ስንዴ ከማከፋፈል፣ ጉድጓድ ከማስቆፈርና ወርክሾፕ ከማዘጋጀት ጋር ነው።

እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ተራው አፍሪካዊ በዓለም ንግድ ውስጥ ጥቅሙን ያስከበረባቸውን ጥቂት አጋጣሚዎች ብንመረምር፣ ከመንግሥት ጎን ወይም ከመንግሥት ፊት ለፊት የተደራጁ ዜጎች ቆመው እናገኛለን። ችግሩ ሌላ ነው። ጩኸቱ ሰምሮ ፊርማው ከተፈረመ በኋላ ውሉን የሚከታተል ሰው አይቀርም። ነገሩን በደፈናው ከማውራት ሁላችንም ከምናውቀው ልጀምር፤ ከቡና።

የስሙ ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ሲዋዥቅ ቆይቶ በ2001 ገደማ አንድ ፓውንድ ቡና በዓለም ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በየካፌው የሚሸጠው ስኒ ቡና ግን አብሮ አልረከሰም። ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውን ገበሬ ማን ይፈርድበታል?

በ2005 የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት «ይርጋጨፌ»፣ «ሐረር» እና «ሲዳሞ» የሚሉት ስሞች የአገሪቱ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቡና የሚያመርት አገር ብዙ ነው፤ ይርጋጨፌ ግን አንድ ነው። ስሙ የእኛ ከሆነ ደግሞ በስሙ የሚነግድ ሁሉ ሊያነጋግረን ይገባል።

ይርጋጨፌ ያለ ብዙ ችግር አለፈ። በሌሎቹ ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አነሳ። ስታርባክስም «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን አንድ የምርት ስም ከኢትዮጵያ ቀድሞ አመልክቶ ነበር፤ ኋላ ላይ አነሳው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ተቃውሞውን ያቀረበው ማኅበር ነው። ቡና ገዢዎቹ፣ ቆይዎቹና አከፋፋዮቹ ተደራጅተው፣ ጠበቃ ቀጥረው፣ ቢሮ ከፍተው ተቀምጠዋል። ሳይደራጅ የቀረው ይርጋጨፌ ላይ እሸት ቡና የሚለቅመው ሰው ነው።

በጥቅምት 2006 ኦክስፋም ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጣው። ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች በደብዳቤ፣ በፋክስ፣ በስልክና በኢሜይል ለኩባንያው «ከኢትዮጵያ ጋር ተነጋገር» የሚል መልእክት ላኩ። በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም በፖለቲካ በተከፋፈልንበት፣ ከምርጫ 97 ማግስት በነበረው በዚያ ወቅት፣ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ አንድ ሆነን ነበር። በሰኔ 2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተፈራረሙ፤ ኩባንያው በስሞቹ ላይ የኢትዮጵያን መብት ተቀብሎ የፈቃድ ውል ገባ።

መንግሥት ጥያቄውን ባያቀርብ ኖሮ ዘመቻው መነሻ አይኖረውም ነበር። ዘመቻው ባይኖር ደግሞ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ይጠጣ እንደነበር አልጠራጠርም። ሲቪክ ማኅበራት ለንግድ ምን ይፈይዳሉ ለሚል ሰው አንዱ መልስ ይኸው ነው።

ድሉ የት ደረሰ?

እኔ የምኖረው ጀርመን አገር ነው። ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ነች። ሱፐርማርኬት ገብቼ መደርደሪያው ላይ «ሲዳሞ» ወይም «ይርጋጨፌ» የሚል ከረጢት ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይሄ ስም ለገበሬው በዓመት ስንት ብር አመጣለት?

የፈቃድ ውሉ ክፍያ የሌለበት ነበር። ስሌቱ «መጀመሪያ ስሙ ይታወቅ፣ ፈላጊ ይብዛ፣ ከዚያ የመደራደር ጉልበታችን ያድጋል» የሚል ነው። መጥፎ ስሌት አይደለም። ኦክስፋም በወቅቱ አገሪቱ ከስሞቹ በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ ልታገኝ ትችላለች ብሎ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ስሌት የሚሠራው በየዓመቱ ቁጭ ብሎ «ማን በስሙ ተጠቀመ? በስንት ሸጠ? ገበሬው ዘንድ ስንት ደረሰ?» የሚል ተከታታይ ሲኖር ነው። አለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ተከታታይ እንዳይኖር ያደረጉ ሁለት ነገሮች ወዲያው መጡ። አንደኛው የገበያው አሠራር ነው። በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ ማገበያየት ሲጀምር፣ ቡናው ከየትኛው ገበሬና ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ የሚናገረው መረጃ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ከዚህ ያመለጡት በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ የተፈቀደላቸው የገበሬ ዩኒየኖች ናቸው። ኋላ ላይ ሕጉ ተሻሽሎ በሩ ሰፋ እንጂ ለዓመታት የቡናው ማንነት ከዋጋው ተነጥሎ ቆይቷል።

ሁለተኛው በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ነው። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ ያገኘ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። በአዋጁ ትርጉም በውጭ አገር ያለ ሰው የሚልከው ገንዘብ ሳይቀር የውጭ ምንጭ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አገር ውስጥ ያለ አንድ ማኅበር «የቡና ገበሬው መብቱ ነው» ብሎ እንዲሟገት እኔና እናንተ መቶ መቶ ዩሮ ብናዋጣ ማኅበሩን አደጋ ላይ እንጥለዋለን ማለት ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ ብዙ ነገር ተስተካክሏል። ቢሆንም የጠፋው አሥር ዓመት ነው። ማኅበር ደግሞ እንደ ዛፍ ነው፤ በአዋጅ ትቆርጠዋለህ እንጂ በአዋጅ አታበቅለውም።

ከእኛ ውጭስ?

ይሄ የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካን እንይ። በ1997 የወጣ የመድኃኒት ሕግ መንግሥት ርካሽ መድኃኒት ከሌላ አገር እንዲያስገባ በር ከፈተ። 39 የመድኃኒት ኩባንያዎችና ማኅበራቸው መንግሥትን ከሰሱ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በ1998 መጨረሻ የተመሠረተው የታማሚዎችና የደጋፊዎቻቸው ማኅበር ቲ.ኤ.ሲ. ሰልፍ ወጣ፤ ፍርድ ቤትም ገብቶ ሐሳቡን አቀረበ። ከመሪዎቹ አንዱ ዛኪ አክማት ቫይረሱ በደሙ እያለ መድኃኒቱ ለድሃው በመንግሥት ሆስፒታል ካልተሰጠ እኔም አልወስድም ብሎ ለዓመታት ታገለ። በሚያዝያ 2001 ኩባንያዎቹ ክሳቸውን አነሱ። ማኅበሩ ግን አልተበተነም። መንግሥቱ ራሱ መድኃኒቱን ለማደል ሲያመነታ ዞሮ መንግሥትን ከሰሰ፤ ረታም። ከቡናችን ታሪክ የሚለየው ይሄ ነው።

ካሜሩን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ዶሮ ነው። ከአውሮፓና ከሌላም የሚገባው የበረደ የዶሮ ብልት በ2003 በዓመት ከ20 ሺህ ቶን በላይ ደረሰ፤ የአገሬው ዶሮ አርቢ ከገበያ ወጣ። በርናር ንጆንጋ የመሠረቱት አክዲክ የተባለ የዜጎች ማኅበር ዶሮውን ከየገበያው ሰብስቦ በላቦራቶሪ አስመረመረ፤ አብዛኛው ናሙና ለሰው ምግብ የማይሆን ሆኖ ተገኘ። ማኅበሩ ውጤቱን ይዞ በየከተማው ዞረ። በ2006 መንግሥት የበረደ ዶሮ እንዳይገባ አገደ። እርግጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ የከተማው ሸማች ዶሮ ተወደደብኝ ብሎ አማርሯል። የንግድ ውሳኔ ሁሉ የሚጠቀምበትና የሚጎዳበት ሰው አለው። ልዩነቱ ውሳኔው ላይ ከአስመጪው ሌላ አርቢውም ድምፁ መሰማቱ ነው።

«ማን ወከላችሁ?»

የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚሉትን አውቃለሁ። «እነዚህ ማኅበራት ማን መረጣቸው? ገንዘባቸው ከውጭ ነው፤ የሚናገሩት የለጋሹን ቋንቋ ነው» ይላሉ። እውነትነት የለውም አልልም። ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ፣ ከዋና ከተማ ወጥቶ ገበሬ አይቶ የማያውቅ ድርጅት ሞልቷል።

ግን መፍትሔው ማኅበራትን ማቀጨጭ አይደለም፤ ገንዘቡም አመራሩም ከአባላቱ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ እኛ ከማንም መማር አያስፈልገንም። እድር ያለ ለጋሽ የኖረ ተቋም ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1999 በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ሲጀመር ያደረገው ይኸንኑ ነው፤ ትርፉን ለአባላቱ አከፋፍሎ፣ ከቀረው ትምህርት ቤትና ንጹሕ ውኃ ሠራ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

አሁን ያለው ፈተና

በ2023 የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን የሚከላከል ሕግ አወጣ። ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶች ላይ ይሠራል። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ አይገባም። ይኸውም በቃል አይደለም፤ አስመጪው ቡናው የበቀለበትን እያንዳንዱን ማሳ መገኛ በሳተላይት ልኬት ማቅረብ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ሕጉ ግን አለ።

እንደ እኔ እምነት የሕጉ ዓላማ መልካም ነው። ከፋና ኢሉባቦር ላይ በደን ጥላ ሥር የሚያመርት ገበሬ እንዲያውም ሊሸለምበት ይገባ ነበር። ችግሩ ማስረጃው ነው። በ2006 ስታርባክስ የንግድ ምልክቱ ይቅርና በምስክር ወረቀት ይሁን ሲል ኢትዮጵያ የመለሰችው፣ ተበታትኖ የሚኖር በሚሊዮን የሚቆጠር ባለ ጥቂት ማሳ ገበሬን አንድ በአንድ መከታተል ወጪው አይቻልም የሚል ነበር። ያን ጊዜ ያመለጥነው ጥያቄ አሁን በሕግ መልክ በር ላይ ቆሟል። አንድ ሺህ ሄክታር ያለው የብራዚል እርሻ አንድ ካርታ ይልካል። እኛ ዘንድ ለአንድ ኮንቴይነር ቡና የመቶዎች ማሳ ሊያስፈልግ ይችላል። አስመጪው ቀላሉን ቢመርጥ ገበሬው ደን ሳይቆርጥ ገበያ አጣ ማለት ነው።

አጋሮ አካባቢ ያለው አጎቴ፣ ማሳውን በስልክ የሚለኩ ወጣቶች መጡ ብሎ ሲያጫውተኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ልጄ፣ ይሄ ልኬት ለግብር ነው እንዴ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው። የማሳው ልኬት የማን ንብረት ነው? ላኪው? መንግሥት? አውሮፓ ያለው ገዢ? ገበሬው ነገ ላኪ ልቀይር ቢል መረጃውን ይዞ መሄድ ይችላል ወይ? ይህን በገበሬው ስም የሚጠይቅ ገለልተኛ አካል ከሌለ፣ ልክ እንደ ስሙ ሁሉ መረጃውም ከእጁ ይወጣል።

በአህጉራችንም ያው ነው። የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና በመጋቢት 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈረመ፤ ከኤርትራ በቀር ሁሉም አገሮች ፈርመዋል፤ በጥር 2021 ንግዱ መጀመሩ ታወጀ። ስምምነቱ ላይ ክርክር ቢነሳ መካሰስ የሚችሉት መንግሥታት ብቻ ናቸው። ሞያሌ ላይ ጤፍና ልብስ የምታሻግር እናት ያለ አግባብ ብትከለከል፣ ቅሬታዋን በኢንተርኔት የምታስመዘግብበት አሠራር በ2020 ተዘርግቷል፤ ግን ማን ይነግራታል? ማን ይጽፍላታል? የነጋዴ ሴቶች ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አውሮፓ ያለን ሰዎች ሸማችም መራጭም ነን። ቡና ቆይውን «ከኢትዮጵያ መግዛት ትቀጥላለህ ወይ? የማሳ ልኬቱን ወጪ ማን ይሸፍናል?» ብለን እንጠይቅ። 90 ሺህ ሰው ጠይቆ ያመጣውን አይተናል።

ሁለተኛ፣ ከመሐላችን የንግድ ሕግ፣ የጉምሩክና የኮምፒውተር ባለሙያ ብዙ ነው። አዲስ ድርጅት በየስማችን ከማቋቋም ይልቅ ያሉትን የገበሬ ማኅበራትና ዩኒየኖች ብናግዝ ይሻላል። እነሱ ይምሩ፣ እኛ እንታዘዝ።

ሦስተኛ፣ መዋጮአችን የእድር መልክ ይኑረው። አንድ ቀን በአዳራሽ ተሰብስቦ ብዙ ከማዋጣት በየወሩ ጥቂት ዩሮ፣ ሪያል ወይም ዶላር፣ ግን ለዓመታት። ክትትል የሚሠራው በቋሚ ገንዘብ ነው።

አራተኛ፣ የሕጉን በር እንጠብቅ። በ2024 መጨረሻ በአገር ቤት የመብት ድርጅቶች ሲታገዱ አይተናል። ዛሬ የመብት ድርጅት ሲዘጋ «እኔ ቡና ነጋዴ ነኝ፣ ምን አገባኝ» ያለ ሰው፣ ነገ የቡና ገበሬው ማኅበር ሲዘጋ የሚጮህለት አያገኝም።

ሰነዱን መንግሥት ይፈርም፤ ሥራው ነው። ነጋዴውም ያትርፍ፣ አይከፋንም። ገበሬውና ጉልት ነጋዴዋ ግን የበይ ተመልካች ሆነው እንዳይቀሩ፣ ከፊርማው በኋላ ባሉት ዓመታት መዝገብ ይዞ የሚከታተል ማኅበር ያስፈልጋቸዋል።

ቸር ይግጠመን።