ከምጽዋት ወደ ጋራ ሥራ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ቆሼ ስሙን የወረሰው ከቆሻሻ ነው። ከተማይቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጥራጊዋን ስትጥል የኖረችው በዚያ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1920ዎቹ፣ በዚያው አካባቢ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቋቁሟል። ከየአገሩ ከቤታቸውና ከዘመዶቻቸው የተገፉ ሕሙማን ወደዚያ መጡ፤ ታክመውም የሚመለሱበት ስላልነበራቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ሠፈሩ። ፊውዳላዊው ሥርዓት ሊያየው የማይሻውን ሰውና ሊያሸተው የማይሻውን ጥራጊ ወደ አንድ ዳርቻ መግፋቱ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አልነበረም።

በሕክምናው ረገድ ታላቅ እርምጃ ተወስዷል። አለርት በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ ተቋቁሞ የአፍሪቃ ሐኪሞች መማሪያ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 እንዲሰጥ የመከረው ጥምር መድኃኒት እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈውሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም ለሕሙማን በነጻ ይታደላል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፉን ያቆማል። ታዲያ የዳነውን ሰው ጎረቤቱ ስለ ምን ቡና አይጠራውም? በእኛ እምነት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው።

መልሱ ያለው በቆየው ግንኙነት ውስጥ ነው። ለዘመናት ሕመምተኛው ከኅብረተሰቡ ጋር የሚገናኘው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በተዘረጋው እጁ ብቻ ነበር። ሳንቲሙ እንኳ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ይወረወራል። የሰጪው ልብ የቱንም ያህል በጎ ቢሆን፣ ይህ ግንኙነት አንዱን ለዘላለም ሰጪ፣ ሌላውን ለዘላለም ተቀባይ አድርጎ ያስቀራል። ዛሬም ለአካል ጉዳተኞችና ለሕሙማን ተብሎ የሚመደበው አነስተኛ የድጋፍ ገንዘብ በስንዴና በዘይት እደላ ብቻ ሲያልቅ ደረሰኝ የተቆረጠለት ምጽዋት ይሆናል።

ነገሩን ከተጨባጩ ኑሮ እንየው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። ስሜት ያጣ እጅ የጋለ ጀበና ሲይዝ መቃጠሉን አያውቅም፤ ቁስሉ ችላ ሲባል ይመረቅዛል፤ በመጨረሻም ጣት ይጠፋል። ሰው «በሽታው በላው» የሚለው ጣት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ቁስል የጠፋ ነው። እንግዲህ ለጀበናና ለድስት የእንጨት እጀታ፣ ለደነዘዘ እግር ለስላሳ ጫማ፣ ለሠፈሩ ቦኖ በክንድ የሚከፈት ረዥም እጀታ፣ ለዕድሩ አዳራሽ ከደረጃው ጎን መወጣጫ ማሠራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቦኖውና አዳራሹ ደግሞ የሁሉም ናቸው። ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ውኃ ተሸካሚው ልጅ ሁሉ ይገለገልባቸዋል። በአንድ ቦኖ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ደግሞ ይነጋገራሉ።

ይህ እንዲሆን ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ይሁኑ። ከሥጋ ደዌ የዳኑ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1996 ብሔራዊ ማኅበራቸውን ማቋቋማቸው፣ በአለርትም በጥልፍ ሥራ ቡድን መደራጀታቸው የመወሰንና የመሥራት ችሎታቸውን ያስመሰክራል። ሁለተኛ፣ በሥራው ላይ ጎረቤቶች በጉልበታቸው ይሳተፉ፤ አብሮ ድንጋይ ያነሳ ሰው አብሮ ለመብላት አይከብደውም። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ ብር ሒሳብ በሠፈሩ ስብሰባ ላይ በግልጽ ይነገር።

ሕጉ ከጎናችን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር ረገድ በአካል ጉዳት ምክንያት የሚደረገውን አድልዎ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሕግ በሩን ቢከፍትም እጅ ይዞ የሚያስገባው የሥራ ባልደረባና ጎረቤት ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ነፍስ ሲያጠፋ፣ በአንድ ዳርቻ የተገፉ ሰዎች ዕጣቸውም አንድ መሆኑን እጅግ መራራ በሆነ መንገድ አይተናል። በአደጋ ጊዜ የሚታየው አንድነት በዕለት ኑሮም ሊታይ ይገባዋል።

ስለዚህ የዕድርና የሠፈር ማኅበራት አባላት፣ እንዲሁም ሠራተኞች፣ ዓመቱ ሲያልቅ የድጋፉን ሥራ ስንመዝን ስንት ብር ወጣ ብለን ብቻ አንጠይቅ። ከዚህ ቀደም ማንም በማይገባበት በዚያ ቤት ዘንድሮ ስንት ጎረቤት ተቀምጦ ቡና ጠጣ? የዕድሩን መዝገብ ሲያነብ የሰማነው ጸሐፊስ ከእነርሱ መካከል ነበርን? ሒሳባችን በዚህ ይመርመር።