ስለ መጻተኞች መብዛት በአሜሪካ የቆየው ክርክር

ከባዕድ አገር የሚመጣ ሰው ጥቂት ሲሆን እንግዳ ይባላል፤ ሲበዛ ግን ስሙ ይለወጥና ጭነት ይባላል። በእውነት ጭነት ነውን፤ ጭነትስ ከሆነ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም ሕዝቡን ለሁለት ከፍሎ የሚያከራክር ሆኗል። በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ረዥም ታሪክና ብዙ መዝገብ ያላት አገር ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ስለ ሆነች፥ የእርሷን ክርክር ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በኒው ዮርክ ወደብ ባለችው በኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ የተከፈተው በ1892 ነው። በ1954 እስከ ተዘጋ ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚያ በር አልፏል። በ1907 ብቻ ወደ አገሪቱ የገባው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን 280 ሺህ ይበልጥ ነበር። ቀድሞ የመጡት አብዛኞቹ ከእንግሊዝ፥ ከአየርላንድና ከጀርመን ሲሆኑ፥ በዚህ ጊዜ ግን ከኢጣልያ፥ ከሩስያና ከኦስትሪያ ግዛት የሚመጣው በረከተ። ቀድመው የገቡትም፥ አዲሶቹ ቋንቋችንን አይማሩም፥ ደመወዛችንን ያወርዳሉ፥ ልማዳችንን ያጠፋሉ እያሉ አቤቱታ አቀረቡ። ይኸው ቃል ከዚያ 50 ዓመት ቀደም ብሎ በአየርላንዳውያን ላይ ተነግሮ ነበር። እንዲሁም በካሊፎርኒያ ቻይናውያን ይውጡልን እያለ ሠራተኛውን ያነሣሣው ዴኒስ ኪርኒ ራሱ በአየርላንድ ተወልዶ የመጣ ሰው ነበር። በ1882 በወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኛ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1943 ጸንቶ ቆየ።

በ1907 ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ በሴናተር ዲሊንግሃም ሰብሳቢነት ተቋቋመ፤ አራት ዓመት ሠርቶም በ1911 41 ጥራዝ መጽሐፍ አወጣ። 41ዱን ጥራዝ ያነበበ ሰው ብዙ የነበረ አይመስለንም፤ ፍርዱን ግን ሁሉም በቃሉ ያዘው። ፍርዱም፥ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣው ይቀነስ፥ ማንበብ የማይችልም አይግባ የሚል ነው። ማንበብ የማይችለውን ለመከልከል የቀረበውን ሕግ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ በ1897፥ ታፍት በ1913፥ ዊልሰን በ1915 አንፈርምም ብለው መልሰውት ነበር። በ1917 ግን ዊልሰን ዳግመኛ ቢመልሱት ምክር ቤቶቹ በድምፅ ብልጫ አጸደቁት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የ1924ቱ ሕግ ነው፤ አሠራሩንም በዝርዝር ማወቅ ያስፈልጋል። ሕጉ ለየአገሩ የሚፈቀደውን የሰው ቍጥር ሲወስን፥ የዚያ አገር ተወላጆች ሁነው በአሜሪካ ከተቈጠሩት ከመቶው ሁለት ሰው እንዲሆን አለ። ተንኰሉ ያለው ግን በቈጠራው ዓመት ላይ ነው። በእጃቸው የ1910ና የ1920 ቈጠራ ሳለ ወደ ኋላ ተመልሰው የ1890ን መረጡ፤ በዚያ ዓመት ኢጣልያዊውና የምሥራቅ አውሮፓ ሰው ገና አልበዛም ነበርና። በዚህ ሒሳብ ለጀርመን 51,227፥ ለታላቋ ብሪታንያና ለሰሜን አየርላንድ 34,007 ሲደርስ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዓመት ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይመጣባት ለነበረችው ለኢጣልያ 3,845 ብቻ ተሰጠ። የእስያ ሰው ለዜግነት የተገባ አይደለም ተብሎ በሩ ከሞላ ጐደል ተዘጋበት። ለኢትዮጵያ የተመደበው የመጨረሻው ዝቅተኛ ቍጥር 100 ነበር። ለአርመን 124 ደረሳት።

አርመንን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እናስታውስ። በዚያው በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው በቱርክ ግዛት በተደረገው እልቂት ያለቁባቸውን 40 የአርመን ልጆች ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ የነሐስ ሙዚቃ ጓድም ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1974 ያገለገለውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። ነገር ግን 40 ልጅና በየዓመቱ የሚገባ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ስለዚህ አሜሪካ ለሚገባው ሰው ቍጥር በመወሰኗ የምንነቅፋት አይደለንም፤ የትኛውም መንግሥት የአገሩን በር መጠበቅ መብቱም ግዳጁም ነው። ነቀፋው ሰውየውን በሥራውና በጠባዩ ሳይሆን በተወለደበት አገር ስለ መዘነው ነው።

የዚህም ሚዛን ፍሬ በ1939 ታየ። ሴንት ሉዊስ የምትባል መርከብ ከ900 በላይ ከጀርመን የሸሹ አይሁዳውያንን ይዛ ወደ ኩባ ሄደች፤ ከጥቂቶች በቀር መውረድ ተከለከሉ፤ አሜሪካም ቍጥሩ ሞልቷል፥ ተራችሁን ጠብቁ ብላ አላስገባቻቸውም። መርከቢቱ ወደ አውሮፓ ተመለሰች፤ ከተሳፋሪዎቹም 254 ሰዎች በኋላ በናዚዎች እጅ አለቁ።

በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን በነጻነት ሐውልት ሥር ሁነው የትውልድ አገርን ሚዛን የሚሽረውን ሕግ ፈረሙ። በዚያ ቀን ሕጉ ታላቅ ለውጥ የሚያመጣ አይደለም ብለው ነበር፤ ነገሩ ግን እንደ ቃላቸው አልሆነም። ሕጉ ለዘመድ ቅድሚያ ስለ ሰጠ፥ አንዱ የገባ ወንድሙን፥ ወንድሙም ሚስቱን እያስመጣ፥ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚገባው በዛ። በባዕድ አገር የተወለደው ሕዝብ በ1910 ከመቶው 15 ያህል የነበረ በ1970 ወደ 5 ገደማ ወርዶ ሳለ፥ በ2023 እንደ ገና ወደ 14 ወጣ። የእኛም አገር ሰዎች በብዛት የገቡት ከዚህ በኋላ፥ በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግና በ1990 ሕግ በተቋቋመው፥ ዲቪ እያልን በምንጠራው ዕጣ ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ ነገር እንመለስ፤ የድኻው ሠራተኛ አቤቱታ በንቀት የሚታለፍ አይደለምና። በ1980 ከኩባ ከማሪየል ወደብ 125 ሺህ ያህል ሰው በጥቂት ወራት ተሻግሮ፥ አብዛኛው በማያሚ ከተማ ሰፈረ። ፕሮፌሰር ዴቪድ ካርድ በ1990 መርምረው፥ የከተማው ሠራተኛ ደመወዝ በዚህ ምክንያት አልቀነሰም ብለው ጻፉ። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ራሳቸው በልጅነታቸው ከኩባ የተሰደዱት ፕሮፌሰር ጆርጅ ቦርሃስ ያንኑ መዝገብ ገልጠው፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልጨረሰው ሰው ደመወዝ በብዙ ወርዷል አሉ። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በሌላ ወገን ግን በ1964 መጨረሻ በውል ይገቡ የነበሩት የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞች ውል ሲቋረጥ፥ የአገሬው ሠራተኛ ደመወዝ ከፍ ይላል ተብሎ የተጠበቀው አልሆነም፤ የካሊፎርኒያ ባለ እርሻዎች ቲማቲሙን በመኪና ለቀሙት።

በ2016 የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ሰፊ ጥናት፥ በረዥም ጊዜ ሲታይ መጻተኞች በአገሬው ደመወዝ ላይ በጠቅላላው የሚያደርሱት ጕዳት እጅግ አነስተኛ ነው ተባለ። የሚጐዱት ቀድመው የገቡት መጻተኞችና ትምህርት ያላገኙት ድኾች እንደ ሆኑ አልሸሸገም። ደግሞም የመጀመሪያው ትውልድ ልጆቹን በማስተማር ምክንያት የየክፍለ አገሩንና የየከተማውን ገንዘብ ሲያስወጣ፥ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ግን ከሁሉ የበለጠ ግብር ከሚያገቡት መካከል ይሆናሉ። የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለናል። ትርፉ ዘግይቶ ይመጣል፤ የሚቀበሉትም ባለ ፋብሪካው፥ ባለ እርሻውና የማዕከላዊው መንግሥት ግምጃ ቤት ናቸው። ወጪው ግን ዛሬውን የሚጠየቀው ክፍሉ ከጠበበበት የከተማ ትምህርት ቤትና ከጎረቤቱ ጋር ለአንድ ሥራ ከሚሻማው ሠራተኛ ነው። አገር ተጠቀመች ብሎ ለዚህ ሰው መንገር ቍጣውን ያብስበት እንደ ሆነ እንጂ አያበርደውም፤ ከትርፉ ተከፍሎ ሊደርሰው ይገባው ነበርና።

ሕግ ወጥቶ የማይጠበቅበትም አገር ሁለቱንም ወገን ይበድላል። በ1986 በወጣው ሕግ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህል ያለ ፈቃድ የገቡ ሰዎች ምሕረት ተደረገላቸው፤ ያለ ፈቃድ የገባውን ዐውቆ የሚቀጥር ጌታም እንዲቀጣ ተደነገገ። ምሕረቱ ተፈጸመ፤ ቅጣቱ ግን ዐውቆ መቅጠሩን ማስረዳት ጭንቅ ስለ ሆነ በወረቀት ቀረ። በ2007 ያለ ፈቃድ የሚኖረው 12 ሚሊዮን ያህል እንደ ደረሰ ተገመተ። ደመወዙ ቢቀርበት መክሰስ የማይችል ሠራተኛ ባለበት ሥራ፥ አጠገቡ ያለው ባለ አገርም ደመወዜ ይጨመርልኝ ለማለት አይደፍርም።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2007 በተደረገው ቈጠራ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ ከ300 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በ2013 መጨረሻ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን በዚያ ምድር የተጠለለው ስደተኛም ከ300 ሺህ አልፏል። በ2019 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1110 ለስደተኛው ሠርቶ የመኖር መብት ሰጥቶታል። ከዚያ በፊት በ2016፥ በውጭ መንግሥታት ርዳታ የኢንዱስትሪ መንደሮች ተሠርተው 100 ሺህ የሥራ ቦታ እንዲከፈት ታስቦ ነበር። ሐሳቡ በተባለው መጠን ባይፈጸምም፥ አከፋፈሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ 30 ሺህው ለስደተኛው፥ 70 ሺህው ለአገሬው ሠራተኛ ነበርና።