ሳይበጠስ «የበጠሰ» ፍሬን

«ፍሬን በጠሰ» እንላለን። የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ አልቆም ሲል፣ አውቶቡስ ከጥምዝ ሲወጣ፣ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ዜና አንባቢውም የሚያነሱት ቃል ይኸው ነው። ቃሉ የተቆረጠ ነገር አለ ይላል። በርግጥ ቱቦ የሚፈነዳበትና ዘይት ፈስሶ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ከረጅም ቁልቁለት በኋላ እምቢ ያለውን ፍሬን አብርዶ ጋራዥ ያስገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ደህና ቱቦ፣ ሙሉ ዘይትና እንደ ወትሮው የሚይዝ ፍሬን ነው። መካኒኩ ሁለቴ ረግጦ «ምንም የለበትም» ይላል፤ ባለመኪናውም እሱ ራሱ በደንብ እንዳልረገጠ ያምናል። የዚህ ብልሽት አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው፤ ማስረጃው ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ማስረጃው በጠፋበት ቦታ ደግሞ ወሬ ይበቅላል። ፍሬኑ ስላነሰ ነው፣ ዲስኩ ስላልተበሳ ነው፣ ዘይቱ «ዶት 5» ስላልሆነ ነው ይባላል። እውነቱ ግን የሙቀት ሒሳብ ነው፤ ፍሬን የሚደክመው ገቢው ከወጪው ሲበልጥበት ነው።

ወሬው በደንብ ከሚሰማባቸው ቦታዎች አንዱ የናይሮቢው ኢምባካሲ ነው። ኬንያ ከመጀመሪያ ምዝገባዋ 8 ዓመት ያለፋትን ያገለገለች መኪና አታስገባም፤ መሪዋም በቀኝ መሆን አለበት። ስለዚህ አብዛኞቹ ከጃፓን በሞምባሳ ወደብ በኩል ይመጣሉ። ቱርቦ ያላት የፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ከእነዚህ መካከል ስትገኝ ወጣቱ ገዢ ዓይኑን ይጥልባታል፤ አጭር ናት፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ሲረግጧት ትወረወራለች። ኢምባካሲ ሜዳ ነው። በአውተር ሪንግ መንገድ ላይ ከአንዱ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እስከ ቀጣዩ፣ ከአንዱ ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲ) ኋላ ወደ ሌላው እየተጎተተች የምትውል መኪና የፍሬኗን ጉድ አታሳይም። 1,400 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ስትቆም ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት 135 ኪሎጁል ያህል ነው። ከ100 ስትቆም ግን 540 ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ፣ ሙቀቱ አራት እጥፍ። ከዚህ ከ10 እጅ 7ቱን የፊት ዲስኮች ወስደውት እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ቢመዝኑ፣ አንድ ጊዜ ከ100 ማቆም ብረቱን በ50 ዲግሪ ገደማ ያግለዋል። ይህ ምንም አይደለም። ዲስኩ ፋታ ካገኘ ለነፋሱ ይመልሰዋል።

ፋታ የማይገኘው ቁልቁለት ላይ ነው። ከኢምባካሲ ተነስቶ ቅዳሜን ናይቫሻ ሊያሳልፍ የወጣ ሰው በታችኛው መንገድ ከሄደ የስምጥ ሸለቆውን ግድግዳ በማይ ማሂዩ በኩል ይወርዳል። መንገዱን የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርከው ኬንያ የታሰሩ ጣሊያኖች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም እስካሁን ከመንገዱ ዳር አለች። (እኛም ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ታምቡር የምንላቸውን ቃላት ያገኘነው ከእነዚሁ ሰዎች ቋንቋ ነው።) ያቺ 1,400 ኪሎ መኪና 500 ሜትር ከፍታ ብትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 6,900 ኪሎጁል ይጠጋል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በተከታታይ 13 ጊዜ ከማቆም ጋር እኩል ነው። የዓባይ በረሃን ከጎሐጽዮን ወይም ከደጀን ወደ ድልድዩ የወረደ ሰው ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይሸከማል። በሌላ መንገድ ልመዝነው፤ 7 በመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ በ50 ፍጥነት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው፣ ነፋሱና ጎማው የሚወስዱት ተቀንሶ፣ ዲስኮቹ ላይ 10 ኪሎዋት ያህል ይለኩሳል። ሦስት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ እንደ መጣድ ነው፤ ያውም እንጀራ ሳይጋገርበት። «ቀስ ብዬ ስለምወርድ ፍሬኔ አይግልም» የሚለው እምነት የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በዝግታ መውረድ ሙቀቱ የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሚወረደው ከፍታ ግን ያው ነው፣ ዲስኩን የሚያበርደው ነፋስም አብሮ ይቀንሳል። በ30 ፍጥነት ከጭነት መኪና ኋላ እየተንፏቀቀ ፍሬኑን ሳይለቅ የወረደ ሰው ገደሉ ግርጌ ሲደርስ ፍሬኑ የጋለ መሆኑ ሊያስገርመው አይገባም።

ሙቀቱ ሲበዛ የሚደክመው ነገር ግን አንድ አይደለም፤ የትኛው እንደደከመ የሚነግረው ደግሞ እግር ነው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ በሙሉ ጉልበት እየተረገጠ መኪናው የማይቆም ከሆነ የደከመው ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ነው። ተራ የመንገድ ሸራ ከ350 ወይም 400 ዲግሪ ሲያልፍ ውስጡን ያያያዘው ሙጫ መበስበስ ይጀምራል፤ የሚወጣው ጋዝና የሚቀልጠው ነገር በሸራውና በዲስኩ መካከል እንደ ቅባት ይሆናል። ሽታው መስኮት ዝግ ቢሆንም ይገባል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ ግን የፈላው ዘይቱ ነው። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ጉልበትን ከእግር ወደ ጎማ የሚያደርሰው ለዚሁ ነው። እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ እግሩ የሚገፋው አረፋውን ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው ሹፌሩን እያስጠነቀቀ ይመጣል፤ ሁለተኛው ድንገት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነገሩ ምክሮች አብዛኞቹ የማይረቡት ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያክሙ ነው። ለፈላ ዘይት ሸራ መቀየር፣ ለተቃጠለ ሸራ ዘይት መቀየር መፍትሔ አይሆንም።

በዘይቱ በኩል ያለው ትልቁ ተረት «ካልጎደለ አይቀየርም» የሚለው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል፤ በማጠራቀሚያው ክዳንና በላስቲክ ቱቦው በኩል ቀስ እያለ ይገባበታል። «ዶት» የሚባለው የዘይቱ ደረጃ የሚጠይቀውን ብንመለከት፣ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ፣ ቀለሙም ንጹሕ መስሎ፣ 75 ዲግሪ ተሰርቋል ማለት ነው። ፎልክስዋገንን የመሰሉ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ባለቤት የለወጠች፣ በመርከብ ተጭና የመጣች፣ ግቢ ውስጥ ገዢ ስትጠብቅ የከረመች መኪና ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ ማንም አይመሰክርላትም። በዚያ ላይ ናይሮቢ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ ራሱ እዚያ የሚፈላው ከ95 ዲግሪ በታች ነው። የፍሬን ዘይትም እግር ከፔዳሉ ሲነሳ የሚያገኘው ግፊት የአካባቢው አየር ግፊት ስለሆነ ጥቂት ዲግሪ ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ይበልጥ ያጣል። ቁጥሩ የበለጠ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለውም ስህተት ነው፤ ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ለኤቢኤስም አይመከርም። ዶት 4ን በላጭ ሆኖ የሚተካው ዶት 5.1 ነው። በናይሮቢው ኪሪንያጋ መንገድ የመለዋወጫ ሱቆች ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የቆየ ግማሽ ጠርሙስ በቅናሽ ቢቀርብ አለመውሰድ ነው፤ እርጥበቱን እዚያው ጠጥቶ ጨርሷል።

አንድ የማይታመን የሚመስል ነገር አለ፤ ዘይቱ ብዙ ጊዜ የሚፈላው ሲነዳ ሳይሆን ከቆሙ በኋላ ነው። ሲነዳ ነፋስ ዲስኩን ይመታዋል። ቁልቁለቱን ጨርሶ ማይ ማሂዩ ከተማ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ለመግዛት የቆመ ሰው ግን ነፋሱን ያቆመዋል፤ ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ ሸራው፣ ከሸራው ሸራውን ወደያዘው ካሊፐር፣ ከካሊፐሩ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሞተር አስነስቶ የመጀመሪያውን ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ወለል ይነካል። ማይ ማሂዩ በኪኩዩ ቋንቋ «ሙቅ ውሃ» ማለት መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ግን ያምርበታል። መፍትሔው ግርጌው ላይ ወዲያው አለመቆም፣ ሜዳውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳይነኩ መንዳት ነው። ውሃ መድፋትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ከሁሉ የከፋው ተረት ግን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው ነው። ከናኩሩ ወደ ኤልዶሬት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሳልጋ ስሟ ከአደጋ ጋር የተያያዘው፣ የጭነት መኪኖች ማርሽ አውጥተው መውረዳቸው እንደ አንድ ምክንያት እየተጠቀሰ ነው። በካርቡረተር ዘመን ቁጠባው መልክ ነበረው፤ ኢንጀክሽን ባለው ሞተር ግን ተገልብጧል። መኪናው በማርሽ እየወረደ እግር ከቤንዚን ፔዳሉ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነው። ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። በፎሌ የወረደ ሰው እንግዲህ ነዳጁንም ፍሬኑንም አቃጥሏል። «ሞተሩን ከምጎዳ ሸራ ብቀይር ይረክሰኛል» የሚል መልስ ይሰማል። ዋጋው ልክ ነው፣ መነሻው ግን ስህተት ነው፤ የዙር ቆጣሪው ከቀዩ መስመር በታች እስካለ ድረስ ያለ ነዳጅ የሚዞር ሞተር ከሚጎትት ሞተር ያነሰ ጫና አለበት። «የእኔ አውቶማቲክ ናት» የሚለውም አያስኬድም። ዲኤስጂ የሚባለው አውቶማቲክ ማርሽ ያላት ጎልፍ ማርሹን በእጅ መያዝ ትችላለች፤ በ3ኛ ወይም በ2ኛ ተይዛ ስትወርድ ከምጣዶቹ አንዱን ወይም ሁለቱን ሞተሩ ይወስደዋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከመኪና አፍቃሪው ይመጣል፦ ይህች መኪና ጀርመን ውስጥ ያለ ገደብ በሚነዳበት አውራ ጎዳና የምትሄድ ናት፤ ፍሬኗ ለዚያ ከበቃ እንዴት ለናይቫሻ ያንሳል? ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱም ራሱ ውስጥ አለ። ፍሬኗ አያንስም። ያንን ያደረገችው ግን በአዲስ ዘይት፣ በፋብሪካው ሸራና በሚንሸራተቱ የካሊፐር ፒኖች ነው፤ አንድ ጊዜ በኃይል አቁማ ከዚያ በነፋስ ትበርዳለች። ስለዚህ ትልቅ ዲስክ ለመግጠም የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ የነበረውን አልመለሰም። ትልቅ ዲስክ ብረት ስለሚበዛበት ሙቀት የሚያጠራቅምበት ቦታ ይሰፋል፤ በዝግ መሮጫ ዙር በዙር ለሚነዳ ዋጋ አለው። ውሃ የጠጣ ዘይት ግን በትልቅ ዲስክም ይፈላል። የተበሳ ዲስክ ደግሞ ብረት የተቀነሰበት ዲስክ ነው፤ ስንጥቅም ከቀዳዳው ይጀምራል። የውድድር ሸራ ይሻላል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው፤ በ500 ዲግሪ የሚይዘው ያ ሸራ ጠዋት በርዶ ሳለ፣ ማታቱ ድንገት ፊቱ ሲቆም፣ ከተራው ያነሰ ይይዛል።

ገንዘብ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ከዚህ ይለያል። አንድ ሊትር የታሸገ ዘይት አስገብቶ አሮጌውን ከአራቱም ጎማ ማስወጣት ከሁሉ ይረክሳል። ቀጥሎ ስሙ የታወቀ የመንገድ ሸራ። አዲሱ ሸራ ሲገባ ከ60 ወደ 20 ገደማ ደጋግሞ ፍጥነት እየቀነሱ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ በጋለበት ፔዳሉን ረግጦ መቆም የሸራውን አሻራ ዲስኩ ላይ ያትማል። ከዚያ በኋላ መሪው ሲንቀጠቀጥ መካኒኩ «ዲስኩ ተጣሟል» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። የተጣበቀ ፒን ደግሞ በሜዳ ላይ ይያዛል፤ ከኢምባካሲ ወጥቶ ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ አሥር ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እጅን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ነው። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ ፊት የሚገርፍ ከሆነ ያ ጎማ ማንም ሳይረግጠው መንገዱን ሙሉ ፍሬን ይዞ መጥቷል፤ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስም ከሌሎቹ ቀድሞ ግሎ ይጠብቃል።