የምስጢር ቁጥሩን ማን ያውቀዋል?

ስለ ስልክና ስለ ግል ገመና ሲወራ ቶሎ የሚታወሱን ባሕር ማዶ ያሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። እነሱም ሊያሳስቡን ይገባል። ወላይታ ሶዶ፣ ቦዲቲ ወይም አረካ ላለ የስልክ ባለቤት ግን ከእነሱ በፊት የሚያሰጋው ቅርብ ያለ እጅ ነው፤ ብር የሚያወጣለት፣ ስክሪን የሚቀይርለት፣ አዲስ ስልክ ከፍቶ የሚያስተካክልለት ሰው። እነዚህ ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ጉዳያችን ቶሎ እንዲያልቅልን ሁሉን ነገር ከፍተን የምንሰጣቸው እኛው ነን።

ከወላይታ ወጥቶ አዲስ አበባ የሚሠራ ወጣት ብዙ ነው፤ ከሚያገኘው ላይ ቀንሶ ለቤተሰብ ይልካል፤ የዘመን መለወጫው በዓል ጊፋታ ሲቃረብማ መላኩ ይበረታል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ፣ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ኤም-ፔሳን ካስከተለ ወዲህ ብሩ በደቂቃ ውስጥ እናት ስልክ ላይ ይገባል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ማንም ወደ ድሮው ይመለስ አይልም።

ብሩ የሚወጣበት የቴሌብር ወኪል ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚሆነውን እንይ። ስልኩ ልጅየው ሌላ ሲገዛ ለእናቱ የተወላቸው ነው። ከሽፋኑ ጀርባ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ ስድስት አኃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ተጽፎባታል። እናት ስልኩንም ወረቀቷንም አንድ ላይ ያቀብሉና «አንተው አውጣልኝ፣ ልጄ» ይላሉ። ወኪሉ ይነካካል፣ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል፣ ይመራረቃሉ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰውም ወረቀቷን አይቷል።

ያ ቁጥር የዛሬውን ብር ብቻ አያወጣም። ነገም ይልካል፣ ይከፍላል። ቴሌብር ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ብድር ስለሚሰጥ፣ ስልኩንና ቁጥሩን የያዘ ሰው በባለቤቱ ስም ሊበደርም ይችላል። ሒሳቡ ባዶ ስለሆነ የሚወሰድብኝ የለም የሚል ሰው ይህን ልብ ይበል።

እናትን «ቁጥሩን ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ መምከር ብቻውን አያዋጣም፤ እገዛ የሚያሻቸው የምር ነውና። የሚሻለው እገዛውን ለሁለት መክፈል ነው። የስልኩ መልእክት በአማርኛ ቢመጣና እሳቸው ወላይትኛ ብቻ የሚያውቁ ቢሆኑ፣ አንባቢ ያስፈልጋቸዋል። የወኪሉን ቁጥርና የብሩን መጠን ሌላ ሰው ቢያስገባላቸውም ጉዳት የለውም። የምስጢር ቁጥሩ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ግን ስልኩ ወደ እጃቸው ይመለስ። ገበያ ውለው የብር ኖት የሚለዩ ሴት ስድስት አኃዝ አያቅታቸውም። ልጅየው ለበዓል ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ቢያለማምዳቸውና ወረቀቷን ቢያቃጥላት ከላከው ብር የማይተናነስ ስጦታ ነው። የልደት ዓመትንና 123456ን የመሰለ ቁጥር ግን አይሁን።

ጥገና ቤት ያለው ነገርም ከዚህ አይርቅም። ስክሪን ሊቀየር የተሰጠ ስልክ ፓተርኑ ይጠየቃል፤ «ልሞክረው» ነው ምክንያቱ። በብዙ ስልኮች ላይ ካሜራው ስልኩ ሳይከፈት ይሠራል፤ ንክኪውን እዚያው መሞከር ይቻላል። ቢቻል ሥራው እስኪያልቅ እዚያው መጠበቅ፣ ካልሆነም ሲምና ሜሞሪ ካርዱን አውጥቶ ስልኩን ብቻ መስጠት ይሻላል። በቅርብ ዓመታት የወጡ አንዳንድ ሳምሰንግ ስልኮች ደግሞ ፎቶና መልእክትን ደብቀው ለጠጋኝ ብቻ የሚከፈቱበት የጥገና ሁነታ አላቸው።

አሁን ወደ አፖቹ። አንድ አፕ ሲጫን ካሜራ፣ ማይክ፣ ያሉበትን ቦታ፣ የስልክ ቁጥሮች ማውጫን ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ካርታ ቦታዎን ሳያውቅ መንገድ አያሳይም። መመዘኛው ቀላል ነው፦ የጠየቀው ነገር ለሚሠራልኝ ሥራ ያስፈልገዋል? የእጅ ባትሪ አፕ የዘመድ ወዳጅን ቁጥር ምን ያደርግለታል? አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ለቦታ፣ ለካሜራና ለማይክ «በዚህ ጊዜ ብቻ» የሚል ምርጫ ይሰጣሉ፤ እሱን መምረጥ አንድ ንክኪ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

በስልክ ማውጫው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው አቅልሎ የሚያየው እሱን ነውና። ማውጫው የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የአጎት፣ የእድር ዳኛ፣ የሐኪም ቁጥር አለበት፤ ማናቸውም አልተጠየቁም። ኬንያ ውስጥ በስልክ የሚያበድሩ አፖች የተበዳሪን ማውጫ እየወሰዱ ለወዳጅ ዘመዱ እየደወሉ ሲያሸማቅቁ ቆይተዋል። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ቢሮ በ2023 እ.ኤ.አ. ሙላ ፕራይድ የተባለውን አበዳሪ፣ ከሌላ ሰው ባገኘው ስምና ስልክ ማስፈራሪያ ይልክ ነበር ብሎ 2,975,000 የኬንያ ሺሊንግ ቀጥቶታል። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የጸደቀ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1321 ነው፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረም መብት ተሰጥቶታል። አዋጁ ግን ሶዶ ላይ የተሰጠች የምስጢር ቁጥርን መልሶ ምስጢር አያደርጋትም።

ቴሌግራምም እንዲሁ መታወቅ ያለበት ነገር አለው። ዋትሳፕ ላይ ሁለት ሰዎች የሚላላኩት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያው እንኳ በማያነበው መንገድ ተቆልፎ ይሄዳል። ቴሌግራም ይህን የሚያደርገው «ምስጢራዊ ውይይት» ተብሎ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ተራው መልእክትና ግሩፑ እንዲያ አይቆለፍም። ለዜናና ለትምህርት ጽሑፍ ቴሌግራም ግሩም ነው፤ የፋይዳ መታወቂያ ፎቶ ግን ሥራ ቀጣሪ ነኝ ላለ ለማያውቁት ሰው በእሱ አይላክ።

ሁሉን መንፈግም ትክክል አይመስለኝም። ጉግል ስልክዎ ያለበትን ቦታ እንዲያውቅ መፍቀድ ገመናን መስጠት ነው፤ ነገር ግን ስልኩ መናኸሪያ ላይ ቢጠፋ ከሌላ ስልክ ሆኖ ያለበትን መፈለግ የሚቻለው በዚያ ነው። እኔ ይህን ልውውጥ እቀበለዋለሁ። የጣት አሻራም እንደዚሁ፤ ስልክ መክፈቻው አሻራ እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አይላክም፣ ሰው ፊት ከሚሣል ፓተርንም ይሻላል።

የጠፋ ስልክን ከሩቅ መፈለጉ የሚጠቅመው ግን የጉግል አካውንቱ የእርስዎ ከሆነ ነው። አዲስ ስልክ ሲገዛ ሻጩ ራሱ ጂሜይል ከፍቶ፣ በራሱ የይለፍ ቃል አስተካክሎ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ገዢው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ፎቶውና የስልክ ማውጫው ግን የይለፍ ቃሉን ሻጩ የሚያውቀው አካውንት ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ጉግል» የሚለውን ይክፈቱ። የተጻፈው አድራሻ የማያውቁት ከሆነ፣ ወይም የመልሶ ማግኛ ስልክ ተብሎ የተመዘገበው ቁጥር የእርስዎ ካልሆነ፣ ሻጩ ዘንድ ሄደው የይለፍ ቃሉን ይጠይቁና እዚያው ፊት ለፊቱ ቁጥሩን በራስዎ ይተኩ። የይለፍ ቃሉን ግን ቤት ገብተው ብቻዎን ይቀይሩት።