ድሮን የናፈቀ ጎዳና

በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ ወደ ዲዝኒላንድ የመዝናኛ ፓርክ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው ሜይን ስትሪት የተባለውን ጎዳና ነው። ባቡር ጣቢያው፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ እሳት አደጋ ጣቢያው፣ አይስክሬም ቤቱና ሲኒማው በሙሉ እዚህ ናቸው፤ ከጎዳናው ማዶ ደግሞ የተረቱ ግንብ ይታያል። ፓርኩ ጁላይ 17 ቀን 1955 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲከፈት ቀለሙ ገና ያልደረቀ አዲስ ጎዳና ነበር። መልኩ ግን የዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነው፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የነበረችውን ትንሽ የአሜሪካ ከተማ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። የፓርኩ መሥራች ዋልት ዲዝኒ በልጅነቱ፣ ከ1906 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት የኖረባትን ማርሰሊን የተባለች የሚዙሪ ከተማ አልረሳትም ነበር። ንድፉን ካወጡት አንዱ ሃርፐር ጎፍ ደግሞ ከትውልድ ከተማው ከኮሎራዶዋ ፎርት ኮሊንስ ብዙ ወስዷል።

ጎፍን ጨምሮ ብዙዎቹ ነዳፊዎች የፊልም ሰዎች ስለነበሩ የስቱዲዮ ብልሃታቸውን ይዘው መጡ። የላይኛው ፎቅ ከምድር ቤቱ አንሶ ተሠራ፤ ስለዚህ ሕንፃው ካለው ቁመት በላይ ረዝሞ ይታያል። በአሮጌ ፎቶ ላይ ይህን መለየት ይቻላል። በሩ ላይ የቆመው ሰው ከበሩ ጋር ይመጣጠናል፤ ከራሱ በላይ ያለው መስኮት ግን ሰው የሚመለከትበት አይመስልም።

ሰዎች ዛሬ የዚህን ጎዳና የድሮ ፎቶዎች አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ ለእኔም ፎቶዎቹ ከጎዳናው ይልቅ የታመኑ ምስክሮች ናቸው። ጎዳናው የሚያሳየን ጭቃውና ጭሱ የወጣለትን፣ አንድ ሰው በፍቅር ያስታወሰውን ዘመን ነው። ፎቶ አንሺው ግን ሌንሱን ወደ ፈረስ ሠረገላውና ወደ ጋዝ ፋኖሱ ሲያነጣጥር ሳያስበው የራሱን ዘመን አብሮ አስቀረ። ኮት ለብሶ ክራቫት አስሮ ሊዝናና የመጣው አባት፣ ሰፊ ቀሚስ የለበሰችው እናት፣ የአይጥ ጆሮ ያለው ቆብ የደፋው ልጅ፣ በአደባባዩ ላይ ገና ቀጫጭን የሆኑት ዛፎች፣ ሁሉም የ1950ዎቹ ናቸው።

ሱቆቹም እንዲሁ። የድሮ መልክ ይልበሱ እንጂ ብዙዎቹን የሚያካሂዷቸው የዚያው ዘመን ኩባንያዎች ነበሩ። የሙዚቃ መሣሪያ አምራቹ ዉርሊትዘር ፒያኖና ኦርጋን ያሳይ ነበር። የመድኃኒት አምራቹ አፕጆን የጥንት ፋርማሲ አስመስሎ ባዘጋጀው ቤት በትንንሽ ጠርሙስ ቪታሚን በነፃ ያድል ነበር። የሴቶች የውስጥ ልብስ ሱቅ ሳይቀር ተከፍቶ ነበር፤ ዓመት ሳይደፍን ተዘጋ። ኮዳክም እዚያው ፊልም ይሸጥ ነበር።

ብዙዎቹ ፎቶዎች እስከ ዛሬ ደምቀው የቆዩት በዚሁ በኮዳክ ፊልም ምክንያት ነው። ኮዳክሮም የተባለው የኩባንያው ፊልም በ1935 የወጣ ሲሆን የቀለሙ ንጥረ ነገር የሚጨመረው ፊልሙ በሚታጠብበት ጊዜ ነበር፤ በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙ ለረጅም ዘመን አይለቅም። በተቃራኒው የፕሮጀክተር ብርሃን ይጎዳዋል። ስለዚህ በየበዓሉ ግድግዳ ላይ እየበራ ቤተሰብ ደጋግሞ ካየው ስላይድ (በክፈፍ የተያዘ የፊልም ቁራጭ) ይልቅ፣ ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የቀረው የተሻለ ሆኖ ይገኛል። በሌላ ፊልም የተነሱ ብዙ የዚያን ዘመን ፎቶዎች ሰማዩም ሰዉም ሮዝ ሆኖባቸዋል።

እንዲህ ያለ ስላይድ ያገኘ ሰው ዘመኑን ለማወቅ መጀመሪያ የቤተሰቡን ፊት ትቶ ጀርባውን ይመልከት። የሱቁ ጽሑፍ ግራና ቀኙ ከተገለበጠ ስላይዱ በግልባጩ ገብቷል፤ መጀመሪያ ይህ ይቃና። የውስጥ ልብስ ሱቁ ከታየ ፎቶው የመጀመሪያው ዓመት ነው። ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ካለ ከ1956 ወዲህ፣ ቀዩ የእሳት አደጋ መኪና ካለ ከ1958 ወዲህ ነው። ዉርሊትዘር እስከ 1968፣ አፕጆን እስከ 1970 ድረስ ቆይተዋል። ሁለት ሦስቱ ምልክቶች በአንድ ፎቶ ላይ ሲገጥሙ ዘመኑ ይጠባል፤ በዚህ መንገድ ባለቤቱ የማይታወቅ ስላይድ ከነዓመቱ ቦታውን ያገኛል።

በብዙ ስላይዶች የካርቶን ክፈፍ ላይ ወርና ዓመት ታትሟል። ማኅተሙ ፊልሙ የታጠበበትን እንጂ ፎቶው የተነሳበትን ቀን አይናገርም፤ የጁላይ ሽርሽር ፊልም ካሜራ ውስጥ ከርሞ በጃንዋሪ ሊታጠብ ይችላል። ያም ሆኖ ስላይዱን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው ምስሉን ብቻ ቆርጦ ባያስቀር ይመረጣል፤ ክፈፉንም ከነማኅተሙና ዳር ላይ በእስክሪብቶ ከተጻፈው ጋር አብሮ ይያዘው።