422 ሰዎች ከአቃቂ ቃሊቲ

የጤና ኮሌጆቻችን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎችን የሚያገላብጥ ሰው አንድ ቁጥር ደጋግሞ ያገኛል፤ 422። አልፎ አልፎ 423 ይሆናል። ርእሱ የደም ግፊት ይሁን የእናቶች ወሊድ፣ ቦታው ጎንደር ይሁን ጅማ፣ የተጠያቂዎቹ ብዛት ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ተማሪዎቹ እንዳይታሙ፣ ምክንያቱ የሁሉም ቀመር አንድ መሆኑ ነው። 1.96 በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ በ0.5፣ እንደገናም በ0.5 ይባዛል፤ የተገኘው ለ0.05 ካሬ ይካፈላል። 384 ይመጣል። እምቢ የሚሉና ቤት የማይገኙ ሰዎች አይጠፉምና ከመቶ አሥር ይጨመራል፤ 422።

1.96 ተመራማሪው 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን መፈለጉን ይናገራል። 0.05 የሚፈቅደው የስሕተት ልክ ነው፤ እውነተኛው መልስ እሱ ካገኘው በአምስት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይቀበለዋል። 0.5 ደግሞ «በሽታው ምን ያህሉን ሰው እንደያዘ አላውቅም፣ ግማሹን ነው ብዬ ልነሣ» የሚል ጥንቃቄ ነው፤ ግማሽ ሲባል የሚያስፈልገው ሰው ከሁሉ ይበዛልና።

አብዛኛውን ሰው የሚገርመው ቀመሩ ውስጥ የሕዝብ ብዛት አለመኖሩ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ180 ሺህ በላይ ነዋሪ ለተመዘገበበት አቃቂ ቃሊቲም ሆነ ለመላው አዲስ አበባ 384 ሰው እኩል ይሠራል። የስሕተቱን ልክ ከ5 ወደ 2.5 ላውርድ ያለ ግን ከ1,500 በላይ ሰው መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ «ስንት ሰው?» የሚለው ጥያቄ በካልኩሌተር ያልቃል። «እነማን?» የሚለው ነው እግር የሚፈልገው። የጤና ጥናት ሲደርሰኝ ድምዳሜውን ትቼ መጀመሪያ የማነበውም ናሙናው እንዴት እንደተወሰደ የሚናገረውን ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ ከተበላሸ የቀረው ስሌት አያድነውም።

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። የከተማዋ ደቡብ መውጫ ላይ፣ የቢሾፍቱን መንገድ ይዞ በተዘረጋው በዚህ ክፍለ ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያመርት ገበሬ፣ በዕጣ የኮንዶሚኒየም ቤት የደረሰው፣ በድሮ የቀበሌ ቤት ያረጀ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሦስት የሚያድር ወጣት ሁሉ አብሮ ይኖራል። የአቃቂ ወንዝም የከተማውን ቆሻሻ ይዞ በመካከላቸው አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። አንድ ቀላል ጥያቄ እናንሣ፤ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአካባቢው ሕፃናት ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ የያዛቸው ምን ያህሉ ናቸው?

አቋራጩ መንገድ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም አንዱ ጤና ጣቢያ ተቀምጦ የሚመጡትን እናቶች መጠየቅ ነው። የሚገኘው መልስ ግን ስለ ታካሚዎች ነው። ልጇን ቤት ያስታመመች፣ ጠበል የወሰደች፣ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝታ የተመለሰች እናት እዚያ የለችም። አሜሪካዊው ጆሴፍ በርክሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳየው ደግሞ ከዚህ ይረቃል። ሁለት በሽታ ያለበት ሰው አንድ ብቻ ካለበት ይልቅ ሆስፒታል የመግባት ዕድሉ ከፍ ስለሚል፣ ውጭ ምንም የማይገናኙ ሁለት በሽታዎች የሆስፒታል መዝገብ ላይ ዝምድና ያላቸው መስለው ይታያሉ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህ ችግር የወጡበትን መንገድ ሳላደንቅ አላልፍም። በከተማዋ ብዙ ሰው ቤቱ ስለሚሞት የሆስፒታል መዝገብ የሞትን ምክንያት አሟልቶ አይናገርም። ቀብር ግን ለማንም አይቀርም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን፣ በሙስሊምና በማዘጋጃ ቤት የመቃብር ስፍራዎች መዝጋቢ አቆሙ። ከሟቾቹ መካከል ናሙና ወስደው፣ ሐዘኑ በረድ ሲል ቤተሰቡን እየጠየቁ ሟቹ ምን ምን ይሰማው እንደነበር መዘገቡ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የኤድስ ሞት በከተማዋ ምን ያህል እንደወረደ ያሳየው ይህ የመቃብር መዝገብ ነው።

ወደ ሕፃናቱ እንመለስ። ሆስፒታል ተቀምጦ መጠየቅ ካልበቃ ቤት ለቤት መሄድ ግድ ነው። ቤቶቹን ማን ይምረጥ? መረጃ ሰብሳቢው ደስ ያለውን ከመረጠ ውሻ የሌለበትን፣ አስፋልት ዳር ያለውንና «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» የሚሉትን ይመርጣል። ስለዚህ ምርጫው ለዕጣ ይተዋል፤ እያንዳንዱ ቤት የመውጣት ዕድሉ የታወቀ ይሆናል። ዕጣ ደግሞ ዝርዝር ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ የተሰረዘው ወደ ማውጫው ሥርዓት የገባው መረጃ ተነካክቶ በመገኘቱ ነበር። ዝርዝሩ ከተበላሸ ዕጣው ቢወጣም አልወጣም።

በጤና ጥናት የሚያጋጥመው ጉድለት ተንኮል የለበትም፤ ሰው ከዝርዝሩ ይቀራል። የወረዳው መዝገብ የቤቱን ባለቤት ያውቃል፣ ከጓሮ ያለውን ተከራይ ግን አያውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ መዝገብ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ትናንት የገቡትን አልያዘም። በአገር ደረጃም ያው ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ተራዘመና ቀረ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናሙናውን ያወጣው በአሮጌው ቆጠራ ከተከፋፈሉ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለተካሄደው አነስተኛ ጥናት ለቀረው ቆጠራ ተብሎ የተሠራው ካርታ ዋለ፤ በእሱ የቆጠራ ቦታዎቹ 149,093 ነበሩ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ብዙ አዲስ ሰፈር አለ፤ የአቃቂ ቃሊቲ ኮንዶሚኒየሞችም እንደዚሁ።

ዝርዝሩ ተገኘ እንበል፤ 6,000 ቤት። 400 ከፈለግን በየ15ኛው ቤት መግባት ነው፤ መነሻው ከ1 እስከ 15 ባለው ቁጥር መካከል በዕጣ ይወሰናል። ሥራውን ስለሚያቀል ሁሉም ይወደዋል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ያታልላል። አንድ ብሎክ አምስት ወለል፣ በየወለሉ አራት ቤት አለው እንበል፤ ሃያ ቤት። ዝርዝሩ በብሎክና በወለል ቅደም ተከተል ተጽፎ መዝለያው በ15 ፈንታ 20 ከሆነ፣ መነሻው ቁጥር 2 ቢወጣ ከሰፈሩ ሁሉ የሚገኘው ምድር ቤት ብቻ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ውኃ አልወጣ ብሎ በጀሪካን የሚያመላልሰው ቤተሰብ አንዴም አይጠየቅም። ጥናቱ ስለ ተቅማጥ ነው! መዝለያውን 17 ማድረግ ብቻ ከዚህ ያወጣ ነበር።

የወንዝ ዳር ገበሬዎች ጉዳይ ሌላ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑ ተራ ዕጣ ሊዘላቸው ይችላል። ስለዚህ ሕዝቡ አስቀድሞ በምድብ ይከፈላል፤ ወንዝ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም፣ ነባር ሰፈር። ከየምድቡ ለብቻው ዕጣ ይወጣና በመጨረሻ እንደ ብዛታቸው ሚዛን ይሰጣቸዋል።

አገር አቀፍ ጥናት ይህን ሁሉ ቤት መዘርዘር ስለማይችል በክላስተር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎችን መረጠ፤ የእነዚያን ቤቶች ብቻ አዲስ ዘርዝሮ ከእያንዳንዱ 28 ያህል ቤት አወጣ። ጎረቤታሞች አንድ ቧንቧ ስለሚጠጡና ስለሚመሳሰሉ ከአንድ ሰፈር የተወሰዱ 28 ሰዎች ከ28 ሰፈር እንደተወሰዱ ያህል አያስተምሩም፤ ስለዚህ ናሙናው ይጨመራል። መመረቂያ ጽሑፎች ላይ 422 አንዳንዴ 845 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ጥናት ያስፋፋው «ሠላሳ ሰፈር፣ ሰባት ሰባት ልጅ» የሚባለው ዘዴ ደግሞ መሃል ሰፈር ቆሞ ጠርሙስ ወይም እስክሪብቶ እያሽከረከሩ፣ ጫፉ ወደ ጠቆመበት መሄድን አስተማረ። ዘዴው ለመሃል ሰፈር ቤቶች ያደላል፤ መንገዱም ጤና ጣቢያውም የሚቀርበው ለእነሱ ነው። ድርጅቱ ኋላ ትቶታል፤ አሁንም እስክሪብቶ የሚያሽከረክር ቢገኝ አይገርመኝም።

ፋብሪካ ውስጥ የሚደረግ ጥናት የራሱ ወጥመድ አለው። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን ሳንባ ልመርምር ብሎ በር ላይ የቆመ ሰው የሚያገኘው አቧራውን የቻለውን ነው። ያልቻለው ለቆ ሄዷል፣ ምናልባትም አገር ቤት ተኝቷል። «ሠራተኛው ደህና ነው» የሚል ዘገባ ሲወጣ የወጡትን ፈልጋችኋል ወይ ማለት ያስፈልጋል።

ደግሞም አንድ ቀን ሄዶ መጠየቅ ዛሬ ያለውን ይነግራል እንጂ የቱ ቀድሞ እንደመጣ አይነግርም። ያን የፈለገ ሰዎችን ለዓመታት መከተል ግድ ይሆንበታል። ቡታጅራ ላይ ከ1979 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሕዝብ ብዛታቸው መጠን የተመረጡ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ነዋሪዎች ውልደትና ሞት እየተከታተሉ የተመዘገበው ለዚህ ነው።

የቀረው የበር ጉዳይ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ከሥነ ምግባር ኮሚቴ እስከ ወረዳ ማኅተም አስመትቶ ሲመጣ ቀን ነው፤ ቀን ደግሞ ፈረቃ ላይ ያለችው እናት ቤት የለችም። ድካሙ ሲበዛ የተዘጋውን በር ዘሎ ጎረቤት መግባት ይመጣል። ጎረቤት ሆና በቀን የምትገኘው ግን ልጇን ራሷ የምትይዝ ናት፤ የሠራተኛዋ ልጅ ከጥናቱ ወጣ ማለት ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ የተመረጠን ቤት በሌላ መተካት የሚከለክለው ስለዚህ ነው፤ ተመላልሶ መሞከር እንጂ መተካት የለም።

ስለዚህ አንድ ቀን መጠይቅ የያዘ ሰው በርዎን ቢያንኳኳ ደብዳቤውን ይጠይቁ፣ ስለ ምን እንደሆነ ያስረዳዎ። ካልፈለጉ አልፈልግም ማለት መብትዎ ነው፤ እምቢታዎም ይመዘገባል። ጊዜ ካጡ ግን «ጎረቤት ሂድ» አይበሉት፤ እሑድ ከሰዓት ወይም ከሥራ መልስ ይቅጠሩት።