ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ አይደለም



ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት አጣዬ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። በሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩትን ባዶ የክኒን ማሸጊያ ፈትተው አሳዩኝና «ልጄ፣ አምና ታይፎይድ ሲይዘኝ አላህ ሰበብ አድርጎ ያዳነኝ በዚህ ነው። አሁን ልጄን ይዞታልና ይህንኑ ስጪኝ» አሉኝ። ልጁ በሸዋ ሮቢት በኩል የመስኖ ሽንኩርት ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ አድሮ ነበር የመጣው። ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከዚያም በላብ ይጠመቃል። «እናቴ፣ ደሙ ሳይታይ አልሰጥም» ብላቸው ቅር አላቸው፤ ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። በደሙ የተገኘው ወባ ነበር፤ ያውም አደገኛው ፋልሲፓረም። አልሐምዱሊላህ፣ በጊዜ ተደርሶለት ዳነ።

ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው፣ መድኃኒቱም ከበሽታው ጋር ሲገጥም በአላህ ፈቃድ ፈውስ እንደሚገኝ አስተምረዋል። እዚህ ላይ «ሲገጥም» የምትለውን ቃል ልብ እንበል። መድኃኒቱን ለማግጠም በመጀመሪያ የበሽታውን ተሕዋስ ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አካባቢ የሚምታቱት ትኩሳቶች በተለይ አራት ናቸው።

ወባ

ወባን የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን ባክቴሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1880 በአልጄሪያ ቆስጠንጢኒያ ከተማ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በሕመምተኛ ደም ውስጥ አየው። በሀገራችን በብዛት የሚገኙት ዝርያዎች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ፋልሲፓረም ሳይታከም ከቆየ አእምሮን ያስታል፣ ይገድላልም። ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። የሁለቱ ሕክምና አንድ ስላልሆነ «ወባ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት። በ1950 ዓ.ል በተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን ታመው 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል።

ታይፎይድ (የአንጀት ተስቦ)

ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለው ባክቴሪያ ከሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውኃ፣ በምግብና ባልታጠበ እጅ ወደ አፍ ይገባል። ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ይሄዳል፤ ሆድም ያማል። ችላ ከተባለ አንጀትን እስከመብሳት ይደርሳል።

ታይፈስ (ተስቦ)

ስሙ ከታይፎይድ ጋር ይቀራረባል እንጂ በሽታው ሌላ ነው። ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የተባለው ተሕዋስ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። እ.ኤ.አ በ1909 በቱኒስ ከተማ ሻርል ኒኮል ይህን ደረሰበት። የተስቦ ሕመምተኞች ሆስፒታል ገብተው ልብሳቸው ተቀይሮ ገላቸውን ከታጠቡ በኋላ በሽታውን ለሌላ እንደማያስተላልፉ አስተውሎ ነበር።

ግርሻ (የሚያገረሽ ትኩሳት)

ይህም ከቅማል ነው፤ ተሕዋሱ ግን ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ይባላል። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይተዋል፤ «ዳንኩ» ሲሉ ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። ቅማል በጥፍር ሲደፈጠጥ ተሕዋሱ በቆዳ ጭረት ስለሚገባ ይህን ልማድ እንተው። የመጀመሪያው መድኃኒት ሲሰጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል በባለሙያ ክትትል እንጂ ቤት ውስጥ አይጀመርም።

«ሁለቱም ተገኘብኝ»

ብዙዎች ወረቀት ይዘው «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ይሉናል። የተለመደው የደም ምርመራ የሚያሳየው ተሕዋሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። መከላከያው ከድሮ ሕመም ሊቀር፣ ከሌላ በሽታም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ሐኪሙ ከምልክቱ ጋር አገናዝቦ ይወስናል። ወባ ግን በደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ራሱ ይታያል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው ሲያተኩሰው ቀድሞ የወባ ምርመራ ያድርግ።

ምን እናድርግ?

• ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ስለሚበረታ አጎበር ዘርግተን እንተኛ፤ በማሳ የሚያድሩ ልጆቻችንም ይዘውት ይሂዱ።
• የመስጂድ የውዱእ በርሜልና ታንከር ይከደን። እ.ኤ.አ በ2016 በሀገራችን የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች።
• ከኢስቲንጃእ በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ውኃ ብቻውን አይበቃም።
• ተጠጋግተው የሚያድሩ ደረሶቻችን ልብስና ጋቢ አይዋዋሱ፤ ቅማል ከታየ ልብሱ ይቀቀል፣ ስፌቱ በተለይ።
• ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኳርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ትኩሳቱ ስለበረደ ማቋረጥ፣ የተረፈውንም ለጎረቤት ማካፈል አይገባም። በረመዷን የታመመ ሰው ማፍጠር የተፈቀደለት መሆኑን አይርሳ።

ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካተኮሳቸው አይዘገይ። አእምሮ መሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም መንዘፍዘፍ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይሮጥ።

መድኃኒት ሰበብ ነው፤ ፈዋሹ አላህ ነው። ሰበቡን በአግባቡ ማድረስ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው። አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማር። ወሰላሙ ዐለይኩም።